«ፍሬን በጠሰ» ከተባለ በኋላ፦ የሞት አደጋ መንስኤ እንዴት ይጣራል?

ጎንደር ውስጥ መኪና ሰው ሲገድል ምክንያቱ ከቀብሩ በፊት ይወራል። ቅዳሜ ገበያ ላይ «ፍሬን በጥሶ ነው» ይባላል። ፒያሳ ስትደርሱ «ጠጥቶ ነው አሉ» ትሰማላችሁ። ለቅሶ ቤት ደግሞ «ቀኑ ደርሶ ነው» ተብሎ ወሬው ይዘጋል። ቆይቶ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ምክንያት ብዙ ጊዜ ከአንድ መስመር አያልፍም። ከፍጥነት በላይ ማሽከርከር፣ ቅድሚያ አለመስጠት፣ ርቀት አለመጠበቅ።

ያቺ አንድ መስመር ውሸት ላትሆን ትችላለች። ግን «ጥፋተኛው ማን ነው?» ለሚለው እንጂ «ለምን ደረሰ?» ለሚለው መልስ አትሆንም። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው የፍርድ ቤት ነው። ሁለተኛው ነገም በዚያው መንገድ የሚሄድ ሰው ሁሉ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ጠይቀን መዝገቡን ስንዘጋ ሾፌሩ ይታሰራል፣ መንገዱና መኪናው ግን እንደነበሩ ይቆያሉ።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ምሳሌውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ መንገዱ ግን ሁላችንም የምናውቀው ነው። ድንች የጫነ አይሱዙ ከዳባት ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በኮሶዬ በኩል ወደ ጎንደር ይወርዳል። ወለቃ አካባቢ ሲደርስ ከአንድ ባጃጅ ጋር ይጋጫል። የባጃጁ ሾፌር ይሞታል። የአይሱዙው ሾፌር «ፍሬን በጠሰብኝ» ይላል። ከዚህ በኋላ ምን መደረግ አለበት?

መሬቱ የሚናገረው

መጀመሪያ የሚቀድመው ሕይወት ማዳን ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለም። የተጎዳ ሰው ካለ ማስረጃ ይጠፋል ተብሎ አይጠበቅም። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መንገድ ለመክፈት ሲባል መኪናው ይገፋል፣ ስብርባሪው ይጠረጋል፣ ድንቹ ወደ ሌላ መኪና ይገለበጣል። ይህ ሁሉ በቅንነት ነው የሚደረገው። ግን ምርመራው ግማሹን እዚያው ያጣል።

ትራፊክ ፖሊስ «ፕላን አነሳ» የሚባለው የአደጋውን ቦታ ለክቶ ሲስል ነው። ጥሩ ፕላን ከማይነቃነቅ ነገር ይነሳል። ከኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ ከድልድይ ጠርዝ ወይም ከኪሎ ሜትር ድንጋይ። መኪኖቹ የቆሙበት፣ የጎማው መስመር የጀመረበትና ያለቀበት፣ መስታወቱ የወደቀበት፣ ዘይቱ የፈሰሰበት ሁሉ ከዚያ ነጥብ ይለካል። እንዲህ ከሆነ ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ባለሙያ መጥቶ ሁሉንም ነገር ቦታው ላይ መልሶ ማስቀመጥ ይችላል። «ከመንገዱ ዳር ትንሽ ገባ ብሎ» ተብሎ የተጻፈ ፕላን ግን ማንንም አይረዳም።

ግጭቱ በማን መስመር እንደደረሰ ለማወቅ መኪኖቹ የቆሙበትን ማየት አይበቃም። ከተጋጩ በኋላ ብዙ ሜትር ሊንሸራተቱ ይችላሉ። የተሻለው ምስክር አስፋልቱ ነው። ሁለት መኪና በኃይል ሲጋጭ የታችኛው ብረት ለቅጽበት ወደ መሬት ይጫንና አስፋልቱን ይቆፍራል። ከመኪናው ሥር የደረቀ ጭቃም ያኔ ይራገፋል። ያ ጭረትና ያ ጭቃ መኪኖቹ የተጋጩበትን ቦታ በጣም አቅርቦ ያሳያል። ክረምት ላይ ግን አንድ ዝናብ ጭቃውን ያጥበዋል። ስለዚህ በስልክም ቢሆን ፎቶ ማንሳት ትልቅ ነገር ነው። ፎቶ ስታነሱ ሁለት ነገር አስታውሱ። አንደኛ፣ ራቅ ብላችሁ ቦታውን በሙሉ፣ ቀረብ ብላችሁ ደግሞ እያንዳንዱን ምልክት አንሱ። ሁለተኛ፣ የሟች ሰው ፊትና ገላ ለፌስቡክ አይሆንም። መርማሪው የሚፈልገው መሬቱንና መኪናውን ነው።

አሁን ወደ ጎማው መስመር። ጎማ ሲቆለፍ፣ ማለትም መኪናው እየሄደ ጎማው መዞር ሲያቆም፣ አስፋልት ላይ ጥቁር መስመር ይተዋል። ከመስመሩ ርዝመት ፍጥነቱን ማስላት ይቻላል። ለዚህ ግን ርዝመቱ ብቻ አይበቃም። አስፋልቱ ምን ያህል ጎማ ይይዛል? ቁልቁለት ነው ወይስ ሜዳ? ለምሳሌ አራቱም ጎማዎች ተቆልፈው 40 ሜትር የሄደ መኪና እንውሰድ። ደረቅ፣ ደህና አስፋልትና ሜዳ መንገድ ከሆነ ፍጥነቱ በሰዓት 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ያው አስፋልት በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት ከሆነ ያው 40 ሜትር 79 ገደማ ይሰጣል። ሜዳ ሆኖ እርጥብ ከነበረ ደግሞ ወደ 64 ይወርዳል። መስመሩ አንድ ነው፣ ፍጥነቱ ግን ሦስት። ዝናብ መዝነቡን ያልጻፈ ፕላን አንድን ሰው ባልነዳበት ፍጥነት ሊያስከስሰው ይችላል።

ሌላም አለ። መስመሩ ያለቀው በግጭት ከሆነ መኪናው ሲጋጭ ገና ፍጥነት ነበረው ማለት ነው። ስለዚህ ከመስመሩ የሚሰላው ፍጥነት ዝቅተኛው ነው፣ እውነተኛው ከዚያ ይበልጣል። በተቃራኒው የተቆለፉት የኋላ ጎማዎች ብቻ ከሆኑ አራቱም እንደተቆለፉ አድርጎ ማስላት ፍጥነቱን ያጋንነዋል። የጎማ መቆለፍን የሚከላከል ፍሬን ያላቸው መኪኖች ደግሞ በደንብ ፍሬን ተይዞም ብዙ ጊዜ ደብዛዛ ምልክት ብቻ ነው የሚተዉት። እና «መስመር የለም፣ ስለዚህ ፍሬን አልያዘም» ማለት አይቻልም። ሾፌሩ አንቀላፍቶ ሊሆን ይችላል። አደጋውን ሳያየው ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ፍሬኑ እውነትም እምቢ ብሎትም ሊሆን ይችላል።

ፍሬኑ እውነት በጥሶ ነበር?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በእኛ አገር መንገድ ትልቁ ጉዳይ ይኸ ነው። ጎንደር ዙሪያዋ ተራራ ነው። ከኮሶዬ ወደ ከተማ የሚወርድ፣ ከደባርቅ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ የሚወርድ ሁሉ ፍሬኑን ለረጅም ጊዜ ይጠቀማል።

ፍሬን የሚሠራው የመኪናውን ጉልበት ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ከነጭነቱ 8 ቶን የሆነ አይሱዙ 500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚወጣው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ቢሆን ከ100 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። በእርግጥ ሁሉም ፍሬን ላይ አያርፍም። ነፋሱም፣ ጎማውም ይካፈሉታል። መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ ከወረደ ደግሞ ትልቁን ድርሻ ሞተሩ ይወስዳል። ሾፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ (ማርሽ ሳያስገባ) ከለቀቀው ግን ሞተሩ ምንም አያግዝም። ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ሙቀቱ ሲበዛ ሁለት ነገር ይከሰታል። የፍሬን ሸራው ከልክ በላይ ይግልና መያዝ ያቆማል፤ ሾፌሩ ፔዳሉን ይረግጣል፣ መኪናው ግን አይቀንስም። ወይም ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ ይሄዳል፤ ሳይቀየር በቆየ ቁጥር በትንሽ ሙቀት የሚፈላ ይሆናል። ሲፈላ እንፋሎት ይሠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል። ያኔ ፔዳሉ ባዶ ሆኖ እስከ ወለሉ ይወርዳል።

ዋናው ነገር የሚከተለው ነው። መኪናው ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ሸራውም እንደገና መያዝ ሊጀምር ይችላል። በማግስቱ ባለሙያ መጥቶ ፔዳሉን ሲረግጠው ፍሬኑ ይይዛል። «ፍሬኑ ይሠራል» ተብሎ ይጻፋል። ሾፌሩም ዋሽቷል ይባላል። እውነት ሊዋሽ ይችላል፤ ግን ፔዳል በመርገጥ ብቻ ውሸቱን ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ ጎማው መውለቅ አለበት። ታምቡሩ (ሸራው የሚይዘው ከጎማው ጋር የሚዞር ክብ ብረት) ውስጡ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀለም ካመጣና ቀጫጭን ስንጥቆች ከታዩበት ከልክ በላይ ግሏል። ሸራው እንደ መስታወት ካብለጨለጨና ከጠነከረ እሱም ያንኑ ይናገራል። ዘይቱ ተቀድቶ ምን ያህል ውሃ እንደያዘ ይለካል። የዘይት ቱቦ ተቆርጦ ከተገኘ የተቆረጠው ጫፍ ይታያል። ቀድሞ እየተበላ የመጣ ነው ወይስ በግጭቱ ኃይል በአንድ ጊዜ የተበጠሰ? አራቱም ጎማዎች እኩል ይይዙ ነበር? ከአራቱ ሁለቱ ብቻ የሚሠሩ ከሆነ እነዚያ ሁለቱ የሁሉንም ሥራ ሲሠሩ ይቃጠላሉ።

ማርሹ የት እንደነበርም ይታያል። ግጭት የማርሽ ዘንጉን ሊያንቀሳቅሰው ስለሚችል ዘንጉን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ካምቢዮው (የማርሹ ሳጥን) ውስጥ መታየት አለበት። ጭነቱም ሳይራገፍ ይመዘን። ድንቹ ሳይመዘን ከተገለበጠ የትርፍ ጭነት ጥያቄ እዚያው ሞተ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተመርምሮ ፍሬኑ እውነትም ግሎ ነበር እንበል። ሾፌሩ ነጻ ነው? የግድ አይደለም። በፎሌ ከወረደ የእሱ ጥፋት አለበት። ግን ጥያቄው እዚያ አይቆምም። ዘይቱ ለዓመታት ያልተቀየረው ለምንድን ነው? ሾፌሩ ለባለንብረቱ ነግሮት ነበር? በቀን ሁለት ጊዜ ተመላለስ ያለው ማን ነው? ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ የተሰጠው እንዴት ነው? ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት «በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ» የሚል ምልክት አለ? ፍሬን እምቢ ያለው መኪና የሚገባበት ማምለጫ አለ? ባጃጆቹ ተራ የሚጠብቁት ቁልቁለቱ ከሚያልቅበት ላይ ነው?

አንድ መስመር ይህን ሁሉ አይዝም። እያንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ የተለየ መፍትሔ አለው። ባለንብረቱን የሚመለከት አለ፣ ጋራዡን የሚመለከት አለ፣ ከተማውን የሚመለከት አለ።

ሰውና አካል

ሾፌሩን በተመለከተ ሰዓት ወሳኝ ነው። አልኮል ከደም ውስጥ በየሰዓቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በማታ ደርሶ በማግስቱ የተወሰደ ደም ብዙ አይናገርም። ስልክ ሲያወራ ነበር ከተባለ የጥሪውን ሰዓት በሕጋዊ ትእዛዝ ማግኘት ይቻላል። ድካም ግን የደም ምርመራ የለውም። ለዚህ መርማሪው የኋላውን ጉዞ ይጠይቃል። ስንት ሰዓት ተነሳ? የት ጫነ? ከዚያ በፊት የነበረውን ሌሊት የት አደረ? ከረዳቱ ጋር ለየብቻ ተጠይቀው መልሱ ይመሳከራል።

የዓይን ምስክር ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «እየበረረ ነበር» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ዞሮ ያየው ድምፁን ከሰማ በኋላ ነው። የሚዋሽ አይደለም፤ ግን ከግጭቱ በፊት ያለውን አላየም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ቆመህ ነበር? መጀመሪያ ያየኸው ምንድን ነው?» መሆን አለበት። ምስክሮች አንድ ላይ ቆመው እያወሩ ከቆዩ የአንዱ ታሪክ የሁሉም ይሆናል።

ፍጥነት ሲነሳ ሰው ስለ ፍሬን ብቻ ያስባል። ፍሬን ከመያዙ በፊት ግን ሾፌሩ ማየትና መወሰን አለበት። ለዚህ አንድ ሰከንድ ተኩል ብንሰጠው በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 21 ሜትር ያህል፣ በ80 ደግሞ 33 ሜትር ያህል ፍሬን ሳይነካ ይሄዳል። ከዚያ በደረቅ አስፋልት ለመቆም የሚያስፈልገው ሲጨመር በ50 ወደ 35 ሜትር፣ በ80 ወደ 70 ሜትር ይሆናል። እዚህ ላይ መርማሪው የሚጠይቀው «ሾፌሩ ባጃጁን ከየት ጀምሮ ማየት ይችል ነበር?» የሚለውን ነው። ኩርባው 40 ሜትር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ በ80 የሚመጣ ሰው ፍሬኑ አዲስ ቢሆንም አይቆምም።

አስከሬን ምርመራ የሚያሳዝን ርዕስ ነው። ቤተሰብ ቶሎ ቀብሮ ማረፍ ይፈልጋል፤ ይህ ይገባኛል። ግን አካሉ የሚናገረው ነገር ሌላ ቦታ አይገኝም። እኛ አገር መሪው በግራ ነው፤ የሾፌሩ ቀበቶ በግራ ትከሻ በኩል ይወርዳል። ቀበቶ ካሰሩ የቀበቶው ጫና በቆዳ ላይ የሚተወው ምልክት ማን ይነዳ እንደነበር ሊለይ ይችላል። ሾፌሩ ሞቶ ረዳቱ የተረፈ እንደሆነ፣ ወይም የተረፈው «እኔ አልነዳሁም» ሲል ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው። እግረኛ ሲመታ ደግሞ እግሩ የተሰበረበት ከፍታ ከመኪናው የፊት ብረት ከፍታ ጋር ይነጻጸራል። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ፊት ዝቅ ስለሚል ስብራቱ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሾፌሩ ከመግጨቱ በፊት ፍሬን ይዞ ነበር ወይ የሚለውን ይህ ሊያግዝ ይችላል።

መብራትም እንዲሁ። በማታ አደጋ «መብራት አልነበረውም» ከተባለ የድሮው ዓይነት አምፖል ራሱ ይመሰክራል። በርቶ ሳለ በግጭት የተናወጠ ሽቦ ተለጥጦና ተጣሞ ይቀራል። ጠፍቶ የነበረ ከሆነ ደግሞ እንዲህ አይለጠጥም። ስለዚህ የተሰበረ አምፖል አይጣልም።

«ቦታው ሰይጣን አለበት»

አንዳንድ ቦታ አደጋ ሲደጋገም ሰው «ቦታው ሰይጣን አለበት» ይላል። ጸበል ይረጫል። ይህን አባባል ባለሙያ ሊንቀው አይገባም። ሰፈሩ ከማንም ቀድሞ ድግግሞሹን አይቷል ማለት ነው። አምስት የተለያዩ ሾፌሮች አንድ ኩርባ ላይ ከመንገድ ከወጡ አምስቱም ግዴለሽ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን አምስቱንም እዚያው ያገናኛቸው ነገር ይኖራል። ኩርባው ወደ ውጭ ያዘነበለ ይሆን? የጎርፍ ውሃ መንገዱን ያቋርጥ ይሆን? ጉም ሲወርድ የመንገዱ ጠርዝ ይጠፋ ይሆን? የተበላሸ ሲኖትራክ ድንጋይና ቅጠል ብቻ አስቀምጦ የሚያድርበት ቦታ ይሆን? መዝገቦቹ ለየብቻ ሲዘጉ ይህ አይታይም። አንድ ላይ ተቀምጠው ቦታቸው ካርታ ላይ ሲነጠብ ይታያል። ለዚህም እያንዳንዱ መዝገብ ትክክለኛ ቦታ መያዝ አለበት። «ጎንደር ዳባት መንገድ» የሚል አድራሻ 70 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መንገድ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይደነግጋል። ሾፌር፣ ሐኪም ወይም የሰው ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሌላ ባለሙያ ሲሆን ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ሲሞት፣ ግልጽ ደንብ ሲጣስ ወይም ሾፌሩ በመጠጥ ራሱን ከአእምሮው ሲያወጣ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። በ5 ዓመትና በ15 ዓመት መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስነው ከላይ ያየነው ማስረጃ ነው። አንቀጽ 24 ደግሞ ድርጊቱ ውጤቱን ማምጣቱ እንዲታይ ይጠይቃል። ጠጥቶ የነዳ ሰው ቆሞ ሳለ ሌላ መኪና ከኋላ ቢገጨውና የገጨው ሰው ቢሞት መጠጣቱ ያስጠይቀዋል፤ የሞቱ ምክንያት ግን መጠጡ አይደለም።

በእኛ አካባቢ ሽምግልናም አለ። ሽማግሌ ገብቶ ሁለቱን ቤተሰብ ሲያስታርቅ ትልቅ ነገር ይሠራል፤ ደም እንዳይፈላለግ ያደርጋል። ዕርቅ ግን የወንጀል ምርመራውን አያቆመውም። ማቆምም የለበትም። ታርቀናልና ማስረጃው ይቅር ከተባለ የሚቀጥለው ተጓዥ ይጎዳል።

የካሳው መንገድ የተለየ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መሠረት ባለንብረቱ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ራሱ ማጥፋቱ ባይረጋገጥም። ሾፌሩ በወንጀል ነጻ ቢባልም የካሳውን ክርክር የሚያይ ፍርድ ቤት በዚያ አይታሰርም፤ ይህ በአንቀጽ 2149 ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ደግሞ ለማንኛውም ተሽከርካሪ ግዴታ ነው።

በምሳሌያችን ላለው የባጃጅ ሾፌር ቤተሰብ በጣም የሚያሳስበኝ አንቀጽ 2084 ነው። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሕጉ ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ ጉዳቱም ለሁለት ይከፈላል። ይህ የሚቀረው አደጋው በብቸኝነት ወይም በዋናነት በአንደኛው ሾፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ማስረጃው ከጠፋ ግማሹ ባጃጁ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ሟቹ ደግሞ ተነስቶ መልስ አይሰጥም።

ስለዚህ ቤተሰብ ሐዘኑ ላይ ሳለም ቢሆን አንድ ዘመድ ይወክል። እሱም መርማሪውንና ዐቃቤ ሕጉን እነዚህን ይጠይቅ። ፕላኑ ተነስቷል? ፎቶ አለ? መኪናው ሳይጠገንና ሳይለቀቅ በባለሙያ ታይቷል? ጎማው ወልቆ ፍሬኑ ታይቷል? ጭነቱ ተመዝኗል? የሆስፒታሉ ውጤት ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል? በተለይ የመኪናው ጉዳይ አይዘግይ። ባለንብረቱ ሥራ ቆመብኝ ብሎ መኪናውን ለማስለቀቅ መጠየቁ አይቀርም፤ አንዴ ጋራዥ ከገባ ታምቡሩም ሸራውም ይቀየራል። ለካሳ ክስ ሕጉ በአንቀጽ 2143 የሰጠው ጊዜ በመርህ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ጉዳዩ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ያው ረዘም ያለው ለካሳውም ይሠራል። ዓመታቱ ግን የወንጀሉን ውሳኔ በመጠበቅ ያልቃሉ፤ የሕግ ባለሙያ ማማከሩ ከአርባው በኋላ ይጀመር።